የማሽላና የፍየል መስመር፦ ከለንደን እስከ ቆቦ

በእኛ ዕድሜ ያለ የከተማ ልጅ ስልኩን ከፍቶ የዋጋ ቻርት ላይ መስመር ሲያሰምር ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ወርቅ ይሁን ዶላር፣ ቢትኮይን ይሁን የአሜሪካ አክሲዮን፣ ሻማ የሚመስሉ አረንጓዴና ቀይ ምልክቶች ይደረደራሉ። ልጁ ሁለት ነጥብ ይመርጥና አንድ ሰያፍ መስመር ይጥልባቸዋል። ቀለሙን ይቀይራል፣ ያወፍረዋል፣ ያሳሳዋል፣ በራሱ ልክ ያሰፋዋል። ከወደደው ደግሞ ኮፒ ያደርገዋል። ያው መስመር፣ ያው ቀለም፣ ያው ውፍረት ሌላ ቻርት ላይ ይለጠፋል። ለወርቅ የተሰፋው ልብስ ለዶላር ይለበሳል ማለት ነው።

ነገሩ ጊዜ ይቆጥባል፤ ክፋት የለውም። ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። መስመር ሲገለበጥ አብሮት የሚሄደው ምንድን ነው? ቀለሙና ውፍረቱ ይሄዳሉ። መስመሩ መጀመሪያ የተሰመረበት ምክንያትስ? እኛ ይህን ጥያቄ ይዘን የሄድነው ወደ ዎል ስትሪት ሳይሆን ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ ነው። ምክንያቱም በዚያ አካባቢ የዋጋ መስመርን በትክክል ማንበብና አለማንበብ ገንዘብ ከማትረፍና ከመክሰር አልፎ ነፍስ ከማትረፍና ከመቅበር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

ከመጀመሪያው እንጀምር።

መስመሩ ከየት መጣ?

የዋጋን ውጣ ውረድ በመስመር መሳል አዳምና ሔዋን የተዉልን ነገር አይደለም፤ አባት አለው። ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1786 ለንደን ላይ ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ የእንግሊዝን ገቢና ወጪ ንግድ በቁጥር ሰንጠረዥ ፋንታ በመስመር አሳየ። ጊዜን አግድም፣ ገንዘብን ሽቅብ አደረገና ዓመታቱን በመስመር አያያዛቸው። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው ቻርት የዚያ ሥዕል የልጅ ልጅ ነው።

የሚገርመው የፕሌይፌር የቀድሞ ሥራ ነው። በወጣትነቱ በርሚንግሃም ውስጥ የእንፋሎት ሞተር ባለሙያው የጄምስ ዋት ነዳፊና ረዳት ነበር። ዋት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1780 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሌላ መሣሪያ አለው፤ የደብዳቤ መገልበጫ መጭመቂያ። በልዩ ቀለም የተጻፈውን ደብዳቤ እርጥብ ስስ ወረቀት ላይ ተጭኖ ቅጂውን የሚያወጣ ማሽን ነው። እንግዲህ የዋጋ መስመር አባትና የቢሮ ኮፒ አባት በአንድ ግቢ ውስጥ ሠርተዋል ማለት ነው። መስመርና ኮፒ ሲወለዱም ጎረቤት ነበሩ።

ከዚያ አትላስ አንድ ነገር ልንማር ይገባል። በመጽሐፉ ከነበሩት 44 ሥዕሎች 43ቱ በጊዜ ላይ የተሰመሩ መስመሮች ናቸው። አንዱ ግን ስለ ስኮትላንድ ሲሆን፣ ፕሌይፌር ለስኮትላንድ የብዙ ዓመት መረጃ አላገኘም፤ በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ምን አደረገ? ለእንግሊዝ የሠራውን መስመር ስኮትላንድ ላይ አልለጠፈም። ሌላ ዓይነት ሥዕል ፈጠረ፤ ዛሬ ባር ቻርት የምንለውን። መሣሪያውን የፈጠረው ሰው ራሱ መሣሪያው የማይሆንበት ቦታ ሲደርስ ቆም ብሏል። ይህን እዚህ ላይ ያዙልን፤ ቆቦ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛው ትምህርት ከ35 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ፕሌይፌር ስለ እርሻው ችግር በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የ250 ዓመታት ገደማ የስንዴ ዋጋ ሣለ። ብቻውን ግን አልሣለውም። እዚያው ሥዕል ላይ የአንድ ጥሩ የእጅ ባለሙያ ሳምንታዊ ደመወዝ ጨመረበት። ስንዴ ተወደደ ወይስ ረከሰ ለማለት የሚገዛው ሰው ኪስ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል ማለቱ ነበር። ሁለት መስመር፤ አንዱ ለእህሉ፣ አንዱ ለሰውዬው።

ዓለም ከፕሌይፌር የትኛውን ገለበጠ? በአብዛኛው የመጀመሪያውን፣ ነጠላውን መስመር ነው። የዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1889 ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ቻርልስ ዶው በ1896 በስሙ የሚጠራውን የኢንዱስትሪ አማካይ ማውጣት ጀመረ። ኤድዋርድስና ማጊ የተባሉት ጸሐፊዎች በ1948 ስለ አክሲዮን አዝማሚያ ያሳተሙት መጽሐፍ ትከሻውን፣ ሦስት ማዕዘኑን፣ ሰያፉን መስመር ለሁሉም ሰው በሚሆን ቅርጽ አዘጋጀው። ከዚያ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ገባ። ዛሬ አንድ ሰው የፊቦናቺ ደረጃዎችን 38.2፣ 50 እና 61.8 በመቶ ብሎ አንዴ ያስተካክልና እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይገለብጣቸዋል። በመቶኛ የተሠራ መሣሪያ የትም ቢለጠፍ ይገጥማል። በየትም መግጠሙ ግን በየትም እውነት መሆኑን አያሳይም። ለሁሉም የሚሆን ጫማ የማንም ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ቆቦ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደሴንና ወልዲያን አልፎ፣ መንገዱ ከተራራ ወርዶ ሰፊ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ቆቦ ከተማ እዚያ ናት፤ ከወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከዞብል ወዲያ የአፋር በረሃ። ሜዳው ለም ነው፤ ችግሩ ዝናቡ ነው። ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ማስገባትን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ለዚህ ነው። ሰማይ እዚያ ባይዘንብ ደጋ ላይ የዘነበው ይደርሰዋል።

የቆላው እህል ማሽላ ነው። ጤፍም አለ፤ ማሽላ ግን እንጀራው፣ ጠላው፣ የከብቱ ገለባ፣ የቤቱ ማገዶ ነው። የአገሬው ረጅም ማሽላ በበልጉ ዝናብ ተዘርቶ እስከ ኅዳር የሚቆይ ነው። ስለዚህ የአንድ ወቅት ዝናብ ሲቀር የሚጎዳው የአንድ ወቅት ምርት ብቻ አይሆንም። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ደግሞ አለ፤ ሥሩን ይዞ ይመጠምጠዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራንና ድርቅን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ዝርያዎቹን ከሚሞክርባቸው ቦታዎች አንዷ ቆቦ ናት።

በእንዲህ ያለ አገር ገበሬው የዋጋ ቻርት ባይኖረውም የዋጋ ንባብ አለው። ማሽላ ስንት ገባ ብቻ ብሎ አይጠይቅም። ፍየሏ ስንት ወጣች፣ ወይፈኑ ስንት ተጠየቀ፣ አፋር ከብቱን ይዞ ወረደ ወይስ ቀረ፣ የቀን ሠራተኛ በስንት ይገኛል ብሎ ያያይዘዋል። ፕሌይፌር በ1821 የሣላቸውን ሁለት መስመሮች የራያ ገበሬ ያለ ወረቀት በራሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል።

ዝም ያለው የደሴ መስመር

1965 ዓ.ም. ነው። የ1964 ክረምት ዝናብ ወሎ ላይ ከሽፏል፤ የ1965 በልግም እንዲሁ። ያኔ ራያና ቆቦ ራሱን የቻለ አውራጃ ነበር፤ ክፉኛ ከተጎዱት የወሎ ቆላዎችም አንዱ ሆነ። ሰዉ ከብቱን ሸጠ፣ ቤቱን ጥሎ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው ጥርጊያ ዳር ተኮለኮለ። ዕርዳታ ፈላጊው የተሰበሰበው በዚሁ አስፋልት ግራና ቀኝ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» ብሎ ፊልሙን በጥቅምት 1966 ለዓለም እስኪያሳይ ድረስ መንግሥት ጉዳዩን አለባብሶት ቆይቷል። ቀጥሎ የመጣውን አብዮት ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን በዚያን ጊዜ ደሴ ላይ የተቀመጠ አንድ ባለ ቻርት እናስብ። የእህልን ዋጋ በየወሩ እየመዘገበ መስመር ያሰምራል እንበል። ምን ያይ ነበር?

ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረሃብ በተጻፈ መጽሐፋቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥተዋል። የደሴን የእህል ዋጋ መረመሩ። ያገኙት የሚያስደነግጥ ነው፤ ሰው በሚረግፍበት ዓመት የደሴ ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም አልራቀም። በአገር ደረጃ የምርቱ መቀነስም እሳቸው በጠቀሱት ግምት 7 በመቶ ገደማ ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? የሴን መልስ ቀላልና መራራ ነው። ዋጋ የሚወጣው ገዢ ሲሻማ ነው። የራያው ገበሬ ተርቧል፤ ግን መሻማት አልቻለም፤ ማሽላው ማሳው ላይ ደርቋል፣ ከብቱ ሞቷል ወይም በወረደ ዋጋ ተሸጧል፣ እጁ ላይ ብር የለም። ገበያ የራበው ሰው ሲጮህ አይሰማም፤ ገበያ የሚሰማው ብር ሲጮህ ነው። ስለዚህ መስመሩ ዝም አለ። ደሴ ላይ የተቀመጠው ባለ ቻርት «ገበያው የተረጋጋ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። የመስመሩ ስሌት አልተሳሳተም። ለሌላ ጥያቄ የተሠራው መሣሪያ ግን ሌላ ጥያቄ ላይ ተለጥፏል።

እዚህ ላይ ሚዛን መያዝ አለብን። ሴንን የተቹም አሉ። ስቲቨን ዴቭረው እ.ኤ.አ. በ1988 የወሎን ጉዳይ እንደገና ሲመረምር፣ የደሴን ዋጋ ለመላው ወሎ መናገሪያ ማድረግ አይቻልም አለ። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት፣ አስፋልት ላይ ናት፤ ከመንገድ የራቀው ቆላ ገበያ ውስጥ የሆነው በደሴ መስመር አይታይም። እህሉም በእርግጥ ጠፍቶ ነበር፣ መጓጓዣውም ደካማ ነበር ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም በምሁራን መካከል ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ለእኛ ጉዳይ ግን ሁለቱም አንድ ቦታ ያደርሱናል። በሴን ብንሄድ ነጠላው የእህል መስመር የሰውየውን ኪስ አያሳይም። በዴቭረው ብንሄድ የአንዱ ከተማ መስመር ለሌላው ከተማ አይሆንም። አንዱ የሚነግረን ሁለተኛ መስመር እንደጎደለ ነው፤ ሌላው የሚነግረን የተገለበጠ መስመር እንደያዝን ነው።

ሦስተኛ ንባብም አለ። ጁሊየስ ሆልትና ጆን ሲማን የተባሉ ባለሙያዎች በዚያ ረሃብ ወቅት ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጽሑፍ የዋጋ ንረት ከረሃቡ እምብርት ተነሥቶ እንደ ውኃ ላይ ክበብ ወደ ውጭ እንደሚሰፋ አሳዩ። የተራበው ሰው ከብቱን እየነዳ፣ ራሱም እየተሰደደ፣ ከአንዱ ገበያ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ችግሩ አብሮት ይሄዳል። ይህን ለማየት የአንድ ገበያ ቻርት ምንም አይሠራም። ብዙ ገበያዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ ማለት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን መስመሩ በየገበያው መደገሙ ትርጉም ይኖረዋል፤ ምክንያቱም በየገበያው የተሰመረው ከዚያው ገበያ በተለቀመ ዋጋ ነው።

በአዋጅ የቀጠነ መስመር

ከረሃቡ በኋላ በ1966 የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ፤ ከሚሰበስባቸው ነገሮች መካከል የእህልና የከብት የገበያ ዋጋ ነበረበት። ትምህርቱ ተወስዷል ማለት ይቻላል። የእህሉ ብቻ ሳይሆን የከብቱም ዋጋ መያዙ ፕሌይፌርን በሁለተኛው ሥዕሉ እንደማግኘት ነው።

ግን በዚያው ዓመት ሌላ ተቋምም ተወለደ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት። ደርግ በዚህ ድርጅት አማካይነት ከገበሬው በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ እህል መግዛት ጀመረ። የነጋዴው እንቅስቃሴ ታሰረ፣ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እህል ማዘዋወር በኬላ ተያዘ። የመንግሥትን ዋጋ ቻርት ላይ ብታሰምሩት ምን ይመስላል? ቀጥ ያለ አግድም መስመር። ተወደደም ረከሰም፣ ዘነበም ደረቀም መስመሩ አይነቃነቅም። በሕመምተኛው ላይ የሙቀት መለኪያውን ቆልፎ «ትኩሳት የለውም» እንደማለት ነው።

1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ መንገዱን ተከትሎ ከአላማጣ በላይ ያለችው ኮረም የዓለም ቴሌቪዥን ላይ ወጣች። የማይክል ቢዩርክ ዘገባና የመሐመድ አሚን ካሜራ ያሳዩትን ዓለም አይቶ አለቀሰ። ኮሚሽኑ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ለጋሾችም መንግሥትም በጊዜው አልሰሙም። እንግዲህ ከ1965 እስከ 1977 ባሉት ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። በመጀመሪያው መስመሩ ዝም አለ። በሁለተኛው ከመስመሩ አጠገብ የቆመው ሰው ተናገረ፤ ጆሮ ግን አላገኘም። ቻርት የቱንም ያህል ቢራቀቅ አንብቦ የሚነሣ ሰው ካላገኘ ወረቀት ነው። የኮታው ግዢና የእህል ቁጥጥሩ የቀረው መንግሥት በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ሲያውጅ ነበር።

ለሁሉም አንድ ቴምፕሌት

ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብን እ.ኤ.አ. በ1985 አቋቋመ። የዚህ መረብ ዘገባዎችን ላየ ሰው የዋጋ ሥዕላቸው የታወቀ ነው። አንድ መስመር የዘንድሮ፣ አንድ መስመር የአምናው፣ አንድ መስመር የአምስት ዓመት አማካይ። ይኸው ሥዕል ለኒጀርም ለሶማሊያም ለኢትዮጵያም ይሠራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንዱን አገር ከሌላው ለማነጻጸር ሁሉም በአንድ ልክ መሰፋት አለበት። ከዚህም በላይ እነዚህ ዘገባዎች አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል ይገዛል የሚለውን ሒሳብም ይሠራሉ፤ ይህ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን የተገለበጠው የአምስት ዓመት አማካይ ወደ እኛ ሲመጣ አንድ ወጥመድ ይገጥመዋል፤ የብራችን መርከስ። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ንረታችን ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ዋጋ በዚህ ፍጥነት በሚጋልብበት አገር የዘንድሮው መስመር ከአምስት ዓመቱ አማካይ በላይ መሆኑ ዜና አይደለም፤ ሁልጊዜም በላይ ነው። ሁልጊዜ የሚጮህ ደወል ደግሞ ከማይጮኽ ደወል አይሻልም። ሰው ይለምደዋል፣ ተኝቶም ያድራል። መፍትሔው ደወሉን መጣል ሳይሆን እንደ አገሩ መጥረብ ነው፤ የዋጋ ንረቱን ቀንሶ ማየት፣ ወይም ከብር ወጥቶ በፍየልና በቀን ሥራ መለካት።

ቺካጎ በአዲስ አበባ

ተቋምም እንደ መስመር ይገለበጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። መሥራቿ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ሐሳቡን ያነሡበት ምክንያት እህል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት መልካም ምርት ተገኝቶ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ እህል ማሳ ላይ የቀረበት ገበሬ ነበር። ወዲያው በ1995 ድርቅ መጣና ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የዕርዳታ እጅ ጠበቀ። ትርፍ ያለበትና ጉድለት ያለበት ገበያ አይነጋገሩም፤ እናነጋግራቸው ነው ሐሳቡ። ለአርአያነት የታየው እ.ኤ.አ. በ1848 የተመሠረተው የቺካጎ የእህል ገበያ ነበር።

ወለሉ ተነጠፈ፣ ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ እየተማቱ መገበያየት ጀመሩ፣ ዋጋው በስልክና በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎች ተነገረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ቡና በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ወደ ገበያው ከገባ በኋላ የወለሉ ዋነኛ ምርቶች ቡና፣ ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ ሆኑ፤ ዶላር የሚያመጡት ማለት ነው። ለእህል የተሰፋው ልብስ በቡና ተለበሰ። የቺካጎ መስመር ሲገለበጥ ቀለሙና ውፍረቱ መጣ፤ የቺካጎ መጋዘን፣ የባቡር ሐዲድ፣ ትርፍ አምራች ትልቅ ገበሬ ግን አብረው አልመጡም። ለቤቱ ማሽላ የሚዘራው፣ ሲቸግረው ሁለት ቁና አውጥቶ የሚሸጠው የራያ ገበሬ ደረጃ በወጣለት ኩንታል ከሚቆጠረው ወለል ርቆ ቀረ።

ሁለቱን መስመር ጎን ለጎን

እስከ አሁን ያልነውን በአንድ ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የወሰድናቸው ናቸው። አንድ ቤተሰብ ፍየል ሸጦ ማሽላ ይገዛል እንበል። በጥሩ ወር ፍየሏ 2000 ብር ታወጣለች፣ ማሽላ በኪሎ 40 ብር ነው። አንድ ፍየል 50 ኪሎ ማሽላ ሆነች። ዝናብ ሲጠፋ ሁሉም ፍየሉን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ሻጭ በዛ፣ ገዢ ጠፋ። የፍየሏ ዋጋ 1000 ብር ገባ። ማሽላው 44 ብር ሆነ። አሁን ያቺው ፍየል 23 ኪሎ እንኳ አትሞላም።

የማሽላውን መስመር ብቻ ያየ ሰው «10 በመቶ ጨመረ፣ ያጋጥማል» ይላል። የቤተሰቡ ምግብ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። አደጋው ያለው በመስመሩ ላይ ሳይሆን በሁለቱ መስመሮች መካከል በተከፈተው ክፍተት ውስጥ ነው። የሶፍትዌሩ ሰያፍ መስመር ይህን አይሠራም፤ ክፍተቱን ለማየት መጀመሪያ ሁለተኛው መስመር ሊኖር ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። መረጃ ሲቋረጥ መስመሩ ምን ይሆናል? በ2013 ዓ.ም. መኸር የበረሃ አንበጣ በወሎ ቆላዎች ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ ከተማዋ ለወራት ከተቀረው አገር ተቆረጠች። በነሐሴ 2014 ደግሞ እንደገና። ነዋሪው የተገደለበት፣ የተዘረፈበት፣ ገበያ የቀረበት ጊዜ ነው። አሁን ያንን ዘመን ቻርት ላይ አስገቡት። ብዙ ፕሮግራሞች የጎደለውን ወር ሲያገኙ ከፊቱ ያለውን ነጥብና ከኋላው ያለውን ነጥብ ቀጥ ባለ መስመር ያገናኙታል። ሌሎቹ ደግሞ ግብይት ያልነበረበትን ቀን ጨርሶ ይዘሉታል፤ የተዘጋው ገበያ እንዳልነበረ ይሆናል። ሰው በጣም የተቸገረበት ወር ሥዕሉ ላይ ንጹሕና ለስላሳ መስመር ሆኖ ይታያል። ዋጋ ያልተመዘገበው ሁሉ ደህና ስለነበረ አይደለም፤ የሚመዘግብም የሚሸጥም ስላልነበረ ነው።

እዚህ ላይ ነው ፕሌይፌርና ስኮትላንድ ያስፈለጉን። መረጃ በሌለበት መስመር አለመቀጠል፤ ባዶውን ባዶ ብሎ ማሳየት። ይህ ከ230 ዓመት በላይ የሆነው ትምህርት ነው፤ ዛሬም በአንድ ጠቅታ ይረሳል።

እኛስ?

ይህን ሁሉ ማለታችን ቻርት አትሣሉ ለማለት አይደለም። እንዲያውም ጊዜው የመሣል ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ወጣ፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ተከፈተ። የአገራችን አክሲዮኖች የራሳቸው መስመር እየጀመሩ ነው። የእኛ ትውልድ እነዚህን መስመሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ትውልድ ነው። ለዎል ስትሪት የተሰፉትን መሣሪያዎች እንዳሉ ገልብጦ መለጠፍ በጣም ቀላል ነው፤ ለጥፎም ገጠመ ብሎ መደሰት የበለጠ ቀላል ነው። ጥቂት ገዢና ሻጭ ባሉበት፣ ግብይቱ በሳሳበት ገበያ ላይ የተለጠፈ የኒውዮርክ መስመር ግን ከደሴው መስመር የተለየ ነገር አይነግረንም፤ የሚገባው ሰው ሳይገባ የቀረበትን ዝምታ መረጋጋት ብሎ ይተረጉምልናል።

ስለዚህ ከመገልበጣችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህ መስመር መጀመሪያ የተሰመረው ለየትኛው ገበያ፣ ለየትኛው ጥያቄ ነበር? ከዚህ መስመር አጠገብ ሊኖር ሲገባው የጎደለው ሁለተኛ መስመር የማን ነው? መረጃ በሌለበት ቦታ ፕሮግራሙ ምን ሞላበት? እነዚህ ጥያቄዎች በስልካችን ላይ ገንዘባችንን ያድኑ ይሆናል። ቆላ ላይ ግን ከዚያ ይበልጣሉ። የቀጣዩን ድርቅ ቻርት የሚያነብ ባለሙያ ከእኛው ዕድሜ አንዱ ወይም አንዷ ይሆናሉ፤ ቢሮ ተቀምጠው፣ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ከፍተው፣ የቆቦን ዋጋ ያስገባሉ። የማሽላው መስመር ብቻውን ከሆነ ፍየሏ ስንት ወጣች ብለው ይጠይቁ።